ከጠርሙሱ በፊት ሚዛኑ ይቅደም

በ1958 በኢራን ሺራዝ ከተማ ለአንድ ሐኪም እንግዳ የሆነ ሕመምተኛ ቀረበለት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሕመምተኛው የ21 ዓመት ሰው ነበር፤ ቁመናው ግን የ10 ዓመት ልጅ ይመስል ነበር። ቆዳው የሻከረ፣ ደሙ እጅግ ያነሰ፣ ዕድገቱም የቆመ ነበር። ምን እንደሚመገብ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ከብዙ የገጠር ሰው መልስ አይለይም፦ ያልቦካ የስንዴ ቂጣ በብዛት፣ ሥጋ እምብዛም፤ ከዚህም ሌላ አፈር የመብላት ልማድ ነበረው። ሐኪሙ ትውልደ ሕንዳዊው አናንዳ ፕራሳድ ነበሩ። ጉዳዩን ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1961 አሳተሙ፤ ቀጥለውም በግብፅ ባደረጉት ምርምር ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ወጣቶች ዚንክ የሚባለው ንጥረ ነገር እንደጎደላቸው በ1963 አሳዩ። እስከዚያ ድረስ ሰው በዚንክ እጥረት ይታመማል ብሎ የሚያስብ ሐኪም እምብዛም አልነበረም።

ያ ወጣት ሆዱ ባዶ አልነበረም። ቂጣው ያጠግበዋል፤ ነገር ግን አያሳድገውም። በስንዴው ውስጥ ያለው ጥቂት ዚንክም ቢሆን ፋይቴት ከሚባለው የእህል ውህድ ጋር ተጣብቆ ሳይጠቅመው ያልፋል። የዘመናችን የሥነ ምግብ ሊቃውንት ይህን ዓይነቱን ችግር «ድብቅ ረሃብ» ይሉታል። የሚጀምረውም ከሰው ሆድ ሳይሆን ከአፈር ነው፤ አፈሩ ያልሰጠውን ሰብሉ አይይዝም፤ ሰብሉ ያልያዘውንም ማዕዱ ሊያቀርብ አይችልም።

ዛሬ ለዚህ አሮጌ ችግር አዲስ መድኃኒት ተገኘ የሚል ድምፅ ከየአቅጣጫው ይሰማል፤ መድኃኒቱም ናኖ ማዳበሪያ ይባላል። ከዓይን ከሚሰወር በላይ የደቀቁ ቅንጣቶች ዚንክን፣ ብረትን፣ መዳብንና ሌሎችንም ንጥረ ነገሮች በቀጥታ ለተክሉ ያደርሳሉ ይባላል። ይህ ጸሐፊ ተስፋው መሠረት እንዳለው ያምናል። ይሁን እንጂ ተስፋው ለገበሬው የሚጠቅመው በሐቀኛ ሚዛን ሲለካ ብቻ እንደሆነ፣ ሚዛኑንም የሚይዘው ሻጩ ሳይሆን የሕዝብ ተቋም መሆን እንዳለበት በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

አፈሩ ያለውን ለምን ይነፍጋል?

ዕፅዋት ከአፈር የሚሹት ንጥረ ምግብ በሁለት ይከፈላል። ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ፖታሲየም በብዛት የሚፈለጉ ናቸው፤ ገበሬው በጆንያ አሸክሞ ወደ ማሳው የሚወስደው ማዳበሪያ እነዚህን የያዘ ነው። ብረት፣ ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ መዳብ፣ ቦሮን፣ ሞሊብዲነም፣ ክሎሪንና ኒኬል ግን እጅግ በጥቂቱ ይፈለጋሉ፤ ይሁንና አንዳቸው ከጎደሉ የሌላው ሁሉ ልፋት ከንቱ ይሆናል። ጥቃቅን ንጥረ ምግቦች የሚባሉት እነዚህ ናቸው።

የጥቂትነታቸውን ልክ በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። በሄክታር 3 ቶን ስንዴ የሚሰጥ ማሳ እንውሰድ። በእያንዳንዱ ኪሎ እህል ውስጥ 30 ሚሊ ግራም ዚንክ ቢኖር፣ ከዚያ ማሳ በእህሉ ተይዞ የሚወጣው ዚንክ በጠቅላላው 90 ግራም ነው፤ በአንድ መዳፍ የሚያዝ ማለት ነው። በዚያው ሄክታር የላይኛው አፈር ውስጥ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ዚንክ ይገኛል። ስለዚህ ተክሉ ዚንክ አጣ ሲባል «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለውን የአበው ምሳሌ ያስታውሳል።

ምስጢሩ በአፈሩ ጠባይ ላይ ነው። የመካከለኛው ምሥራቅ አፈር በአብዛኛው ኖራ የበዛበት፣ ዝናብ ያነሰውና አልካላይን ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ዚንክ ከውሃ ጋር መሟሟት ይሳነዋል። የአፈሩ ፒኤች በአንድ ደረጃ ከፍ ባለ ቁጥር በአፈሩ ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ዚንክ ወደ መቶኛ እጅ እንደሚወርድ የአፈር ኬሚስትሪ ያስረዳል። ብረትም እንዲሁ ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአትክልት ቦታ የሚሠሩ ወገኖቻችን ቅጠሉ ወደ ቢጫነት ተለውጦ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ የቀረ ተክል ሳያዩ አልቀሩም። ያ ተክል ብረት አጥቶ ነው፤ የቆመበት አፈር ግን ብረት የሌለው ሆኖ አይደለም።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ1982 ባሳተመው፣ ፊንላንዳዊው ተመራማሪ ሚኮ ሲላንፓ ባካሄዱት የ30 አገሮች ጥናት፣ የዚንክ እጥረት ጎልቶ ከታየባቸው አገሮች መካከል ኢራቅና ቱርክ ይገኙበታል። ኢትዮጵያም ከተጠኑት 30 አገሮች አንዷ ነበረች። ችግሩ እንግዲህ ዛሬ የተገኘ አይደለም።

የአናቶሊያ ትምህርት

አዲሱን ከመመርመራችን በፊት አሮጌው መፍትሔ ምን እንደሠራ ማወቅ ይገባናል። በቱርክ 14 ሚሊዮን ሄክታር ያህል፣ ማለትም ከሚታረሰው መሬት ግማሽ ገደማ የሚሆነው፣ ዚንክ የሚያንሰው መሆኑ ተረጋግጧል። በማዕከላዊ አናቶሊያ የስንዴ ገበሬዎች ናይትሮጅንና ፎስፈረስ እየጨመሩ ምርቱ አልነሳ እያለ ለዓመታት ተቸግረው ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፕሮፌሰር ኢስማኢል ቻክማክና ባልደረቦቻቸው ከዩኒቨርሲቲና ከግብርና ምርምር ተቋማት ተሰባስበው በማሳ ላይ ሙከራ አደረጉ። ዚንክ በተጨመረበት መደብና ባልተጨመረበት መደብ መካከል የታየው ልዩነት ለዓይን የሚከብድ አልነበረም፤ በአንዳንድ ቦታ ምርቱ እጥፍ ድርብ ሆነ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የበለጠ ትምህርት ይሰጣል። ውጤቱ በሳይንስ መጽሔት ገጽ ላይ ታሽጎ አልቀረም። የማዳበሪያ ፋብሪካዎች በነባሩ ማዳበሪያ ላይ ዚንክ መቀላቀል ጀመሩ፤ ከዜሮ የተነሣው ዚንክ ያለበት ማዳበሪያ በዓመት ወደ መቶ ሺዎች ቶን ደረሰ። ገበሬው አዲስ መሣሪያ መግዛት አላስፈለገውም፤ የለመደውን ጆንያ ገዛ፤ በጆንያው ውስጥ የጎደለው ተሟልቶለት ነበር።

ሁለተኛው ምዕራፍ የመጣው የእህሉን ብዛት ብቻ ሳይሆን ጥራቱንም ለማሳደግ በታሰበ ጊዜ ነው። ቱርክን፣ ፓኪስታንን፣ ሕንድን፣ ቻይናን፣ ካዛክስታንን፣ ሜክሲኮንና ዛምቢያን ያካተተና በ2012 የታተመ የማሳ ጥናት በውሃ የተበጠበጠ ተራ ዚንክ ሰልፌት በስንዴው ቅጠል ላይ ሲረጭ፣ በአማካይ በኪሎ 27 ሚሊ ግራም የነበረው የእህሉ ዚንክ ወደ 48 ሚሊ ግራም ከፍ እንዳለ አሳይቷል። በሺራዝ ወጣት ማዕድ ላይ የጎደለው ይኸው ነበር። የመጣውም በርካሽ ጨውና በተራ መርጫ ነው። አንባቢ ይህን ቁጥር በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ቅንጣቱ ሲደቅ ምን ይለወጣል?

ናኖ ሜትር የአንድ ሜትር ቢሊዮንኛ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖ ሜትር ይገመታል። ናኖ ቁስ የሚባለው ደግሞ በተለምዶ ከ1 እስከ 100 ናኖ ሜትር ስፋት ያለው ቅንጣት ነው። ቁስ እስከዚህ ድረስ ሲደቅ ጠባዩ ይለወጣል፤ ዋናው ምክንያት የገጽታው ስፋት ነው። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠጣር ቁስ በእጃችን ቢኖር ገጽታው 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። ያንኑ ቁስ ጎናቸው 10 ናኖ ሜትር ወደሆኑ ቅንጣቶች ብንከፋፍለው ግን ጠቅላላ ገጽታው 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። ውሃና አሲድ ቁስን የሚያሟሙት ከገጽታው ጀምረው በመሆኑ፣ በትልቅነቱ ጊዜ ለመሟሟት የሚዘገየው ዚንክ ኦክሳይድ በናኖ መጠን ሲሆን ይፈጥናል።

ተመራማሪዎች ይህን ጠባይ በሦስት መንገድ ሊጠቀሙበት ይሞክራሉ። የመጀመሪያው ቅንጣቱ ራሱ ምግብ የሚሆንበት ነው፤ የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣት በቅጠል ላይ አርፎ ቀስ በቀስ እየሟሟ ተክሉን ይመግባል። ሁለተኛው ቅንጣቱ እንደ ስልቻ የሚያገለግልበት ነው፤ ከሽሪምፕና ከመሰል የባሕር እንስሳት ቅርፊት የሚገኘው ካይቶሳን ወይም ቀዳዳ የበዛበት ሲሊካ ንጥረ ነገሩን በውስጡ ይዞ በጥቂት በጥቂቱ ይለቀዋል። ሦስተኛው ዘሩ ከመዘራቱ በፊት በቅንጣቶቹ የሚለበስበት ወይም በውስጣቸው የሚዘፈዘፍበት ነው።

በቅጠል በኩል መሄድ የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኖራ የበዛበት አፈር ላይ የተጣለ ዚንክ በአፈሩ ይታሰራል፤ በመጀመሪያው ዓመት ለሰብሉ የሚደርሰው ከጥቂት በመቶኛ አያልፍም። በቅጠል በኩል ሲሰጥ ግን አፈሩን ሳይነካ ያልፋል። ሆኖም ቅጠልም በር የሌለው ቤት አይደለም። በላዩ ሰም መሰል ሽፋን አለው፤ የሽፋኑ ቀዳዳዎች ከብዙዎቹ ናኖ ቅንጣቶች ይጠባሉ። የቅጠሉ መተንፈሻ ቀዳዳዎች በአንጻሩ ሰፊ ናቸው፤ ነገር ግን ከቅጠሉ ገጽ ትንሹን ክፍል ብቻ ይይዛሉ፤ የሚከፈቱትና የሚዘጉትም በብርሃን፣ በሙቀትና በእርጥበት ነው። ስለዚህ «ናኖ ስለሆነ በቀጥታ ይገባል» የሚለው አነጋገር በሻጮች አፍ ከሚሰማው ይልቅ የተወሳሰበ ጉዳይ ነው።

ያም ሆኖ አበረታች ውጤቶች አሉ። በሕንድ አንድራ ፕራዴሽ ግዛት የተደረገና በ2012 የታተመ የኦቾሎኒ ጥናት በአማካይ 25 ናኖ ሜትር የሆነ የዚንክ ኦክሳይድ ቅንጣት ተጠቅሟል። ከተለመደው የዚንክ መጠን በ15 እጥፍ ያነሰ መጠን በቅጠል ላይ ተረጭቶ፣ በተለመደው ዚንክ ከተገኘው ይልቅ 29.5 በመቶ የሚበልጥ የፍሬ ምርት እንደተገኘ ተመራማሪዎቹ ዘግበዋል። በአሜሪካ ኮኔቲከት ግዛትም ተመራማሪዎች የመዳብ ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት በቲማቲምና በብርንጃል ችግኝ ቅጠል ላይ ረጭተው፣ ተክልን በሚያጠወልግ የአፈር በሽታ በተበከለ መሬት ላይ ተክሎቹ የተሻለ እንዳደጉ አይተዋል። መዳብ ተክሉ በሽታን ለመከላከል የሚጠቀምባቸው ኢንዛይሞች ክፍል በመሆኑ ነገሩ ትርጉም አለው።

ነገር ግን በዚህ መስክ ከሚታተሙት ጥናቶች ብዙዎቹ በመስታወት ቤት ውስጥ፣ በማሰሮ አፈር፣ በጥቂት ሳምንታት ዕድሜ የተደረጉ ናቸው። ማሰሮ ድርቅ አያውቅም፤ ነፋስም አይመታውም፤ አረምም አይሻማውም። ከማሰሮ ወደ ማሳ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው።

የሕንድ ጠርሙስና የስሪላንካ እርሻ

መንገዱን በአቋራጭ ለመዝለል መሞከር ምን እንደሚያስከትል በቅርብ ዓመታት ታይቷል። በሕንድ ትልቁ የማዳበሪያ ኅብረት ሥራ ድርጅት ኢፍኮ በ2021 «ናኖ ዩሪያ» የተባለ ፈሳሽ ለገበያ አቀረበ። ግማሽ ሊትር የያዘ አንድ ጠርሙስ 45 ኪሎ የሚመዝን አንድ ጆንያ ዩሪያን ይተካል ተባለ። ገበሬ በጀርባው ከሚሸከመው ጆንያ በኪሱ የሚይዘው ጠርሙስ ሲሻለው ማን ይጠላል?

ሒሳቡን እንሥራ። ፈሳሹ በወቅቱ የያዘው ናይትሮጅን 4 በመቶ ነበር፤ በግማሽ ሊትር ውስጥ 20 ግራም ማለት ነው። የ45 ኪሎ ዩሪያ ጆንያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ይይዛል፤ ይህም ከ20 ኪሎ ይበልጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1,000 እጥፍ ነው። ስንዴ ግን ፕሮቲኑን የሚሠራው ከናይትሮጅን ነው፤ 3 ቶን የስንዴ እህል ብቻ 60 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይዞ ይወጣል። ቅንጣቱ የቱንም ያህል ቢደቅ 20 ግራም 20 ኪሎ ሊሆን አይችልም። በ2023 ሁለት የኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህንኑ በሳይንስ መጽሔት ላይ አንሥተው ጠንካራ ትችት አቀረቡ። በፑንጃብ ግብርና ዩኒቨርሲቲ ለሁለት ዓመት በማሳ የተደረገ ሙከራም የተለመደውን ናይትሮጅን ቀንሶ በናኖ ዩሪያ መተካት የስንዴንና የሩዝን ምርት በጉልህ እንደቀነሰ አሳየ። ኅብረት ሥራው በበኩሉ ምርቱ በብዙ ቦታ ተሞክሮ ውጤታማ ሆኗል በሚለው አቋሙ ጸንቷል።

የስሪላንካ ታሪክ የባሰ ነው። መንግሥት በ2021 የኬሚካል ማዳበሪያ ወደ አገር እንዳይገባ በድንገት ከለከለ። የእርሻው ችግር በገሃድ ሲታይ፣ በጥቅምት ወር ከሕንድ ያንኑ ናኖ ናይትሮጅን በአውሮፕላን አስመጣ። በኅዳር ወር ክልከላው ተነሣ፤ የሩዝ ምርቱ ግን ክፉኛ ማሽቆልቆሉ አልቀረም። ጥፋቱ የናኖ ቅንጣቱ ነው ማለታችን አይደለም፤ ጥፋቱ የክልከላው ነበር። ትምህርቱ ግን፣ የመቶ ሺዎች ቶን ማዳበሪያ ጉድለት በጠርሙስ እንደማይሞላ ነው።

አንባቢ አሁን የሚከተለውን ልብ ይበልልን። በናይትሮጅን ላይ የወደቀው ሒሳብ በዚንክ ላይ አይወድቅም። ለናይትሮጅን የሚያስፈልገው በአሥር ኪሎዎች የሚቆጠር ሲሆን ለዚንክ የሚያስፈልገው በአሥር ግራሞች ነው። አንድ ጠርሙስ የሄክታር ናይትሮጅን መያዝ አይችልም፤ የሄክታር ዚንክ ግን ሊይዝ ይችላል። የናኖ ቴክኖሎጂ እውነተኛ ተስፋ ያለው እንግዲህ ጥቃቅን ንጥረ ምግቦችን በማድረስ ላይ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ጠቅልሎ ማወደስም ሆነ በአንድ ስም ጠቅልሎ ማውገዝ ስሕተት የሚሆነው ስለዚህ ነው። ጸሐፊው የሚፈራውም በናይትሮጅን ጠርሙስ የተታለለ ገበሬ ነገ የሚጠቅመውን የዚንክ ጠርሙስ ሲያቀርቡለት ፊቱን እንዳያዞር ነው። የተሰበረ አመኔታ በማዳበሪያ አይድንም።

ውድድሩ ከማን ጋር ነው?

አሁን ወደ ያዝነው ቁጥር እንመለስ። ተራ ዚንክ ሰልፌት የእህሉን ዚንክ ከ27 ወደ 48 ሚሊ ግራም ማድረስ ችሏል። ብዙ የናኖ ማዳበሪያ ማስታወቂያዎች ግን ምርታቸውን የሚያወዳድሩት ምንም ዚንክ ካላገኘ ማሳ ጋር ነው። ዚንክ በሌለበት መሬት ላይ ማንኛውም ዚንክ ተአምር ይሠራል፤ የአናቶሊያ ገበሬዎች ይህን ከ30 ዓመት በፊት በዓይናቸው አይተዋል። ናኖው ሊፎካከረው የሚገባው ባዶውን ማሳ ሳይሆን በጎረቤት ሱቅ በርካሽ የሚገኘውን የዚንክ ጨው ነው። በተመሳሳይ ማሳ፣ በተመሳሳይ ወቅት፣ ለአንድ ሄክታር በሚወጣው ተመሳሳይ ገንዘብ ጎን ለጎን ተሞክረው ናኖው ከበለጠ ይበል የሚያሰኝ ነው። እኩል ከሆኑ ግን ገበሬው ለስሙ ብቻ ተጨማሪ ዋጋ የሚከፍልበት ምክንያት የለም።

ይህ ጥያቄ በአካባቢያችን ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ነው። በኢራን ናኖ ኬሌት የተባሉ የብረት ማዳበሪያዎች ከዓመታት በፊት ጀምሮ በገበያ ላይ ይገኛሉ። በግብፅ ዩኒቨርሲቲዎችም በናኖ ሴሌኒየምና በናኖ ዚንክ ላይ ብዙ ምርምር ይካሄዳል። ኖራማ አፈርና የውሃ እጥረት የጋራ ችግራችን እንደመሆኑ መጠን፣ በአንዱ አገር በሐቅ የተለካ ውጤት ለሌላው ታላቅ ስጦታ ይሆናል።

የደኅንነት ጉዳይም በጓዳ የሚታለፍ አይደለም። ከላይ በጠቀስነው የኦቾሎኒ ጥናት ዘሩ በሚሊዮን 1,000 እጅ በሆነ የዚንክ ቅንጣት ውህድ ሲታከም ቡቃያው በረታ፤ መጠኑ ወደ 2,000 ሲያድግ ግን ዕድገቱ ተገታ። መድኃኒቱና መርዙ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ናቸው፤ የሚለያቸው መጠን ብቻ ነው። ከተክሉ በፊት ደግሞ የሚረጨው ሰው አለ። የዚንክ ኦክሳይድ ጭስ ወደ ሳንባ ሲገባ የብረት ጭስ ትኩሳት የተባለ ሕመም እንደሚያመጣ የብየዳና የማቅለጫ ሠራተኞች ከጥንት ያውቁታል። ዱቄት የሚበጠብጠው፣ በሙቀት ውስጥ መርጫ ተሸክሞ የሚውለው የእርሻ ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ስደተኛ፣ ብዙውን ጊዜም የመለያውን ጽሑፍ ማንበብ የማይችል ነው። የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛና ጓንት ሊሟላለት፣ መመሪያውም በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ብረት ነክ ቅንጣቶች ከዓመት ዓመት በአፈር ውስጥ ሲጠራቀሙ በአፈር ተሕዋስያንና በምድር ትል ላይ ሊያደርሱ የሚችሉት ጉዳትም በሙከራው ሊካተት የሚገባው ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመለከት

ከዚህ ገጽ አንባብያን ብዙዎቹ በአገር ቤት የሚያርስ አባት፣ ወንድም ወይም አጎት አላቸው። ከደመወዛቸው ቆጥበው የሚልኩት ገንዘብ በክረምት መግቢያ ማዳበሪያ ይሆናል። ስለዚህ ነገሩ ለእነርሱ የሩቅ ወሬ አይደለም።

በኢትዮጵያ ለብዙ ዓመታት ለገበሬው ይቀርቡ የነበሩት ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱም ዚንክና ቦሮን የላቸውም። ከ2012 ጀምሮ የተካሄደው የኢትዮጵያ አፈር መረጃ ሥርዓት የአገሪቱን አፈር በካርታ ሲያወጣ፣ ከናይትሮጅንና ከፎስፈረስ ሌላ ሰልፈር፣ ቦሮንና ዚንክ የሚጎድላቸው ሰፋፊ አካባቢዎች እንዳሉ አመለከተ። እንደየአካባቢው የተቀላቀሉ ማዳበሪያዎች የመጡትም ከዚህ በኋላ ነው። በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያና በማላዊ የእህል ናሙናዎችን መርምሮ፣ በአንድ ዓይነት እህል ውስጥ ያለው ዚንክ፣ ብረትና ሴሌኒየም ከቦታ ቦታ በእጅጉ እንደሚለያይ አረጋግጧል። ሁለት ቤተሰቦች ያንኑ የጤፍ እንጀራ እየበሉ አንዱ በቂ ንጥረ ነገር ሲያገኝ ሌላው ሊጎድለው ይችላል፤ ልዩነቱ ማሳው ያለበት ቦታ ነው። ደግነቱ የእናቶቻችን ብልሃት አንድ ነገር ያግዘናል፤ የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ ዚንክንና ብረትን የሚያስረው ፋይቴት ይቀንሳል። የሺራዙ ወጣት ቂጣ ይህን ዕድል አላገኘም።

ይህ ካርታ የሚነግረን ነገር አለ። የኢትዮጵያ ደጋ ሰፊ ክፍል አፈሩ አሲዳማ ነው፤ ችግሩም ከመካከለኛው ምሥራቁ ኖራማ አፈር የተለየ ነው። በአናቶሊያ ወይም በአንድራ ፕራዴሽ የሠራ ጠርሙስ በጎጃም፣ በወሎ ወይም በባሌ ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም። በአሲዳማ መሬት ላይ ቀዳሚው ሥራ አፈሩን በኖራ ማከም ሊሆን ይችላል፤ የትኛውም ናኖ ቅንጣት ያንን አይተካም።

ስለዚህ ወንድም ከአገር ቤት ደውሎ «አዲስ ፈሳሽ ማዳበሪያ መጥቷል፤ ገንዘብ ላክልኝ» ቢል፣ የሚልከው ሰው ሦስት ጥያቄዎችን እንዲጠይቅ እንመክራለን። አንደኛ፣ በጠርሙሱ ላይ የንጥረ ነገሩ መጠን በግራም ወይም በመቶኛ ተጽፏል? «ናኖ» የሚለው ቃል መጠን አይደለም። ሁለተኛ፣ የማሳህ አፈር ያ ንጥረ ነገር የሚጎድለው መሆኑን የልማት ጣቢያው ባለሙያ ያውቃል? ሦስተኛ፣ ይህ ፈሳሽ የሚጨመር ነው ወይስ የለመድከውን ማዳበሪያ አስቀርቶ የሚተካ? ይተካል ከተባለ በመጀመሪያው ዓመት በማሳው ጥግ፣ በጥቂት መደብ ላይ ብቻ ይሞከር። አንድ መደብ ቢከስር ትምህርት ነው፤ ሙሉ ማሳ ቢከስር ግን የአንድ ዓመት ቀለብ ነው።

የመንግሥታት ድርሻ

ከገበሬው ጥንቃቄ በላይ ግን የመንግሥት ኃላፊነት ይበልጣል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ሦስት ነገሮች ሳይዘገዩ ሊደረጉ ይገባል። የመጀመሪያው፣ ማንኛውም ናኖ ማዳበሪያ ከመመዝገቡ በፊት ከተራው የዚንክ ወይም የብረት ጨው ጋር ቢያንስ በሁለት የምርት ወቅትና በተለያየ የአፈር ዓይነት ላይ ጎን ለጎን እንዲሞከር ማስገደድ ነው። ሙከራውን የሚያካሂደው ምርቱን የማይሸጥ አካል ይሁን፤ ውጤቱም ጥሩም ሆነ መጥፎ ለሕዝብ ይገለጽ። ሁለተኛው፣ የመለያ ጽሑፍ ሕግ ነው፤ የቅንጣቱ ዓይነትና ስፋት፣ የንጥረ ነገሩ መጠን፣ የአረጫጨቱ ልክና የደኅንነት ጥንቃቄው ይጻፍ። ሕንድ በ2020 ለናኖ የግብርና ግብዓቶች የግምገማ መመሪያ አውጥታ ነበር፤ ከላይ ያየነው ክርክር የሚያሳየው መመሪያ ማውጣትና በነጻነት መመዘን የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ነው። ሦስተኛው፣ ዛሬ በእጅ ያለውን መፍትሔ ለነገው ተስፋ ሲባል አለማዘግየት ነው።

ይህ የመጨረሻው በብርቱ ሊሰመርበት የሚገባ ነው። «እናንተ ሚዛን ስትጠብቁ ሕፃናት በድብቅ ረሃብ ይጎዳሉ» የሚሉን ይኖራሉ። ሐዘኔታቸው ትክክል ነው፤ መደምደሚያቸው ግን አይደለም። ተራው ዚንክ ሰልፌት ዛሬ አለ፤ ዋጋው ይታወቃል፤ በሰባት አገሮች ማሳ ላይ ተመዝኖ አልፏል። ዚንክ በሚያንሰው መሬት ላይ እርሱን ለገበሬው ለማድረስ የናኖውን ውጤት መጠበቅ አያስፈልግም። ናኖው በሙከራ መደቡ ላይ ይመዘን፤ ተራው ጨው በማሳው ላይ ይሥራ። ናኖው አሸንፎ ሲመጣ ቦታውን ይረከባል።

በገበያ መካከል ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ በሁላችንም ዘንድ የተጠላ ነው። ዱቄት ሲሸጥ ኪሎው ይታያል፤ ጨርቅ ሲሸጥ ክንዱ ይለካል። ዓይን በማያየው ቅንጣት ላይ ግን ገበሬው ሚዛኑን በእጁ ይዞ ማረጋገጥ አይችልም፤ ሌላው ይመዝንልኝ ብሎ ማመን አለበት። ያ እምነት አማና ነው። ከሺራዙ ወጣት ወዲህ ከ60 ዓመት በላይ አልፏል፤ ምን እንደጎደለው እናውቃለን፤ ለምን እንደጎደለውም እናውቃለን። ቀሪው ሥራ ያን የመዳፍ ሙሉ ዚንክ ሳይጎድልና ሳይጋነን፣ በትክክል ተመዝኖ ከገበሬው ማሳ ማድረስ ነው።